ለፈረሱ የተፈቀደ ማደንዘዣ

የያዙኝ ክንዴ ላም ውስጥ እያለ ነው።

ይህን ስናገር የሚስቁ ሰዎች አሉ፤ እኔም አንዳንድ ቀን አብሬያቸው እስቃለሁ። ከቀየት ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር አንዲት ላም ምጥ ይዟት ስታቃስት ውላ ተጠራሁ። ጥጃው የፊት እግሩን አጥፎ መንገዱን ዘግቷል። ሸሚዜን አውልቄ፣ ክንዴን እስከ ብብቴ በሳሙና ለቅልቄ፣ ጭቃው ላይ በጎኔ ተኝቼ ያንን የታጠፈ እግር ስፈልግ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ ጫማ አየሁ። ከተኛሁበት ሆኜ የሚታየኝ ጫማ ብቻ ነበር፤ አራት ጥንድ።

"ሐኪሙ አንተ ነህ?" አለ አንዱ።

"ነኝ። ትንሽ ታገሡኝ፣ እግሩን ይዤዋለሁ።"

እውነቴን ነበር፤ ትንሿ ሰኮና መዳፌ ውስጥ ገብታለች። አልታገሡኝም። ከኋላ ቀበቶዬን ይዘው ሲጎትቱኝ ሰኮናዋ ከእጄ ሙልጭ ብላ ወጣች። የላሟ ባለቤት "ኧረ በማርያም! ኧረ ጥጃው!" እያለች እስከ መኪናው ተከተለችን። ሸሚዜን እንድለብስ ፈቀዱልኝ። እንድታጠብ አልፈቀዱልኝም። ላሟም ጥጃውም በማግሥቱ እንደሞቱ የሰማሁት ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

የታሰርኩበትን ከተማ ስም አልጠራም። ቤቱ በፊት የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ማዳበሪያው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን ሲሚንቶው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል። እዚያ ሽታ ላይ የሠላሳ ሰው ሽንት ከአንድ በርሜል ተጨምሯል። በርሜሉ ክዳን አልነበረውም። መጨረሻ የገባ ሰው በርሜሉ አጠገብ ይተኛል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የተሰጠኝ ቦታ እሱ ነበር። ክንዴ ላይ የቀረው የላሟ ነገር ደርቆ እንደ ሙጫ ቆዳዬን ይዞት፣ ቀን ትንሽ ሲሞቅ እየረጠበ ይሸታል። ዝንቦቹ በርሜሉን ትተው ወደ እኔ መጡ። ከጎኔ የነበረው ሰው በትሕትና፣ ቅር እንዳይለኝ እየተጠነቀቀ፣ ጀርባውን ሰጠኝ።

የተከሰስኩበት ነገር አጭር ነው። ሥራ ቦታዬን ፈትሸው የስፌት ዕቃ የማስቀምጥበትን ሣጥን አግኝተዋል፦ ክር፣ ቆልማማ መርፌ፣ ጓንት፣ ሁለት ጠርሙስ የቁስል ማደንዘዣ፣ መቀስ፣ ምላጭ፣ ትልቅና ትንሽ ስሪንጅ፣ ሳህን። ሣጥኑ አዛዡ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

"ይሄ ሁሉ ክር ለማን ነው?" አለኝ አዛዡ።

"ለፈረስ፣ ለበቅሎ፣ ለአህያ። ጅብ ይነክሳቸዋል፣ ሽቦ ይቀድዳቸዋል፣ ገደል ይገባሉ። የኛ አገር ከብት ቁስል አያጣም።"

"በዚህ ክር ሰው ይሰፋል ወይስ አይሰፋም?"

ትንሽ አሰብኩ። "ይሰፋል" አልኩ።

"ጻፈው" አለው አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው።

በቃ፣ ይኸው ነበር። ጫካ ላሉ ቁስለኞች እየዞርኩ ሰፍቻለሁ ተባልኩ። አላደረግሁም። አላደረግሁም ማለቴም ተጻፈ። ሣጥኑ በፕላስተር ታሽጎ ላዩ ላይ "ማስረጃ" ተብሎ ተለጠፈበት።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ አንድ ሽማግሌ አመጡ። ከሰባ አያንሱም፤ ረጅም ናቸው፣ ጥቁር በርኖስ ለብሰዋል። የገብስ ገበሬ ናቸው። ታሪካቸውን ሌሎቹ ጠይቀው ሰሙ። ከዘመሮ ገበያ በፈረሳቸው ሲመለሱ አዛዡ መንገድ ላይ አይቶ ፈረሱን ወደደው። "ለጊዜው እንፈልገዋለን" አላቸው። "አልሰጥም" አሉት። "ፈረስ እኮ ነው የጠየቅንህ፣ ልጅህን አይደለም" አላቸው። "ቢሆንም አልሰጥም" አሉት። ከዚያ አንዱ በጠመንጃው ሰደፍ ግንባራቸውን መታቸው።

ቁስሉን ከበር ሲገቡ ነው ያየሁት። ከግራ ቅንድባቸው በላይ ቆዳው ተሰንጥቆ፣ ተከፍሎ፣ ወደ ታች እንደ ከንፈር ተገልብጧል። ደሙ ነጭ ጢማቸው ላይ ደርቋል። ነጠላቸውን ጠምጥመውበት ነበር፤ ነጠላው ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል። የሙያ ነገር ሆኖ ዓይኔ ወዲያው ለካው፦ አምስት ስፌት፣ ቢበዛ ስድስት። ግንባር ደም የማያጣ ቦታ ነው፤ በጊዜው ታጥቦ ከተሰፋ ጥሩ አድርጎ ይገጥማል።

እስረኞቹ "እዚህ ሐኪም አለ" ብለው አመለከቷቸው። ሽማግሌው ሰው እየተራመዱ መጡና ፊቴ ቁጢጥ አሉ።

"ዶክተር ነህ አሉኝ፣ ልጄ። እስቲ እየው።"

ያ መጋዘን ጆሮ ነበረው። ከመካከላችን ማን ምን እንዳለ፣ ማን ምን እንዳደረገ እስከ ምሽት አዛዡ ዘንድ ይደርስ ነበር። ወሬ አቀባዩ ማን እንደሆነ አናውቅም፤ እንዳለ ግን እናውቃለን። እኔ ደግሞ የታሰርኩት ሰው አክመሃል ተብዬ ነው።

"እኔ የከብት ሐኪም ነኝ፣ አባቴ" አልኳቸው። "ሰው አላክምም።"

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። እንዲሰማ።

ሽማግሌው አዩኝ። ዓይናቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። "ይሁን፣ ልጄ" አሉ፤ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና በርሜሉ አጠገብ፣ የኔ የነበረው ቦታ ላይ፣ በርኖሳቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። ክንድ የሚያህል ርቀት ነበር በመካከላችን። ማድረግ የነበረብኝ ብዙ አልነበረም፤ ከመጠጥ ውሃዬ ግማሽ ኩባያ አፍስሼ የደረቀውን ነጠላ አርጥቤ ማላቀቅ፣ ያንን የተገለበጠ ቆዳ ወደ ቦታው መመለስ፣ በንጹሕ ጨርቅ ማሰር። ዝንቦቹ ወደ ግንባራቸው ሲሄዱ አየሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ረቡዕ ነው፣ ግቢው ውስጥ አንድ ከባድ መኪና ጥሩንባውን አንባረቀ። ወዲያው የፈረስ ጩኸት ተከተለ፤ ከዚያም ሽቦ ሲወጠርና ሲበጠስ። ሽማግሌው ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። መዳፋቸውን ቆርቆሮው በር ላይ ለጥፈው ቆሙ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተ። "የከብት ሐኪሙ!" አለ ጠባቂው። "ና ውጣ!"

ፀሐይ ካየሁ አሥር ቀን ሆኖኝ ነበር። ብርሃኑ መታኝና ቆምኩ። ያ ደረቅ የደጋ አየር አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ፣ በውስጡም የፈረስ ላብና የድርቆሽ ሽታ ሲመጣልኝ፣ እንባዬ መጣ። እውነቱን ልናገር፦ ደስ ብሎኝ ነበር።

ፈረሱ ዳማ ነው፤ አንገቱ የተቀሰረ፣ ግንባሩ ላይ ትንሽ ነጭ ያለበት። አጥሩ ሥር ካለ ምሰሶ ጋር አሳጥረው አስረውታል። የአጥሩ እሾሃማ ሽቦ ደረቱን ከግራ ወደ ቀኝ ቀዶት፣ የጋቢ ጠርዝ የሚያህል ቆዳ ተገልብጦ ወደ ፊት እግሮቹ መካከል ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ቀይ ሥጋው ይንቀጠቀጣል። ደሙ እስከ ሰኮናው ወርዶ መሬቱን አጨቅይቷል። አንድ ውሻ መጥቶ ደሙን ሊልስ ሲል ጠባቂው በድንጋይ አባረረው።

አዛዡ ከበረንዳው ወንበር ላይ አልተነሣም። ጢሙን ተላጭቷል፤ ሽቶው እስከ እኔ ድረስ ይመጣል። ከፊቱ ጥብስ የያዘ መጥበሻ ከእንጀራ ጋር አለ።

"ከሰዓት እንግዶች አሉብኝ" አለኝ። "ፈረሱ ቆሞ እንዲያዩት እፈልጋለሁ። ስፋው።"

"በምን?"

"በራስህ ዕቃ ነዋ።"

ሣጥኔን አመጡት። "ማስረጃ" የሚለውን ወረቀት ጠባቂው እንዳይቀደድ በጥንቃቄ ላጠው። ያን ጊዜ ሳቄ መጣ፤ መልሼ ዋጥኩት።

"ውሃ እፈልጋለሁ" አልኩ። "የፈላ። ጨው የገባበት።"

አራት ጄሪካን ተቀዳ። በሌላ በርሜል ተጥዶ ፈላ፣ ቀዘቀዘ። እኛ መጋዘን ውስጥ ለሠላሳ ሰው በቀን የሚሰጠን አንድ ጄሪካን ነው። ሳሙናም አመጡልኝ። ክንዴን አሸሁት፤ ያ የላም ነገር እየተቀረፈ ሲወርድ ውሃው ቡናማ ሆነ። ሦስት ጊዜ አጠብኩ።

ፈረሱ ግን አያስጠጋም። ቁስሉን ለመንካት እጄን ስዘረጋ የፊት እግሩን ወርውሮ ለጥቂት ሳተኝ። ሁለት ሰዎች መጥተው የላይኛ ከንፈሩን በጓሳ ሣር ገመድ ጠምዝዘው ለመያዝ ሞከሩ፤ አንዱን ክንዱ ላይ ነከሰው። የሚያስተኛ መድኃኒት አልነበረኝም፤ ያለኝ ቁስሉን ዙሪያውን የሚያደነዝዝ ብቻ ነው።

"በጉልበት አይሆንም" አልኩት አዛዡን። "ባለቤቱን አምጡልኝ። ለሱ ይቆምለታል።"

አዛዡ ጥቂት አኘከ። "አምጡት ሽማግሌውን" አለ።

ሽማግሌው ወጡ። እንደኔ ብርሃኑ አልያዛቸውም፤ ቀጥ ብለው ወደ ፈረሱ ሄዱ። ፈረሱ ከሩቅ አወቃቸው፤ ጆሮውን ወደ ፊት ቀስሮ ዝቅ ያለ ድምፅ አወጣ። በአንድ እጃቸው ልጓሙን፣ በሌላው የጆሮውን ሥር ያዙና ጉንጩን ደረታቸው ላይ አስጠጉት።

"ምን አደረጉህ?" አሉት። "እ? ምን አደረጉህ፣ ጌታዬ?"

የራሳቸው ግንባር እንደተሰነጠቀ ነው። ነጠላው ከቁስሉ እንደተጣበቀ።

ሥራ ጀመርኩ። በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ፀጉር በምላጭ ላጨሁ። ጨዋማውን ውሃ በትልቁ ስሪንጅ እየሳብኩ ረጨሁበት፤ ፀጉሩን፣ የሽቦ ዝገቱን፣ አፈሩን፣ የፋንድያ ቅንጣቱን እያጠበ እስኪወርድ ደጋግሜ ረጨሁ። ጣቴን አስገብቼ እስከ የት እንደተቦረቦረ ለካሁ፤ ወደ ሳንባው የገባ ነገር የለም። ማደንዘዣውን በቁስሉ ጠርዝ ጠርዝ ወጋሁ። ፈረሱ በየመርፌው ቆዳውን ያርገፈግፋል፤ ሽማግሌው በየመርፌው "አይዞህ፣ አይዞህ" ይሉታል። ደም የማይደርሰውን የጠቆረ ጫፍ በመቀስ ቆረጥኩ። ከዚያ መስፋት ጀመርኩ፤ መጀመሪያ ውስጡን፣ ቀጥሎ ቆዳውን።

እጄ አልረሳም። እንዲያውም ከመቼውም የተሻለ ይሠራ ነበር። ቆዳው ወደ ቦታው ሲመለስ፣ ሁለቱ ጠርዞች ከንፈር ለከንፈር ሲገጥሙ፣ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። አዛዡ መጥበሻውን በአንድ እጁ ይዞ ከበረንዳው ወርዶ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል።

"አንተ፣ እጅህ ወርቅ ነው እኮ!" አለኝ።

ደረቴ ሞቅ አለው። በሱ ምስጋና። ይህን የምጽፈው ማንም ሳያስገድደኝ ነው፤ ሞቅ አለው።

"እርቦህ ይሆናል" አለና እንጀራ ጠቅልሎ፣ ሥጋ ከቶበት፣ ወደ አፌ ዘረጋው። ሁለት እጄ በደም ተነክሯል። ረቡዕ ነው። ሽማግሌው በፈረሱ አንገት ማዶ ቆመው ያዩኛል። አሥር ቀን ደረቅ ቂጣ ነበር የበላሁት። የቅቤው ሽታ መጣብኝ፤ ከሽቶው ጋር፣ ከደሙ ጋር።

አፌን ከፈትኩ።

ጥፍሩ ጥርሴን ነካው። ሥጋው ወፍራም፣ ለብ ያለ፣ ጨዋማ ነበር። አዛዡ እስክውጠው ድረስ ቆሞ ጠበቀ፤ ከዚያ ጣቶቹን ላሰ። እኔ የነካኋቸውን ጣቶች። ቀና ስል ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ መሬት አውርደዋል። እንዳላዩኝ እንዳስብ ፈልገው ነው። ያን ያህል ጨዋ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ እጄ እንደ በፊቱ አልሆነልኝም።

የቁስሉን የታችኛውን ጫፍ፣ ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ፣ ክፍት ተውኩት። ከጓንት የቆረጥኩትን ላስቲክ በዚያ አስገብቼ ጫፉን ወደ ውጭ አንጠለጠልኩት። አዛዡ አየው።

"ይሄ ለምን ክፍት ቀረ?"

"መውጫ ነው። የሽቦ ቁስል ነው፤ ቆሻሻው በዚያ ይወርዳል።"

"ፎቶ ላይ ያስጠላል። ዝጋው።"

"ከዘጋሁት ውስጥ ውስጡን ይመግላል፤ በሳምንቱ ከላይ እስከ ታች ይፈነዳል።"

"በሳምንቱ?" አለ። "እንግዶቹ እኮ ዛሬ ናቸው።"

አልዘጋሁትም። መርፌውን ሳህኑ ውስጥ አስቀምጬ ቆምኩ። ትንሽ አየኝና ትከሻውን ነቀነቀ፤ "እንግዲህ በጨርቅ ሸፍኑት" ብሎ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ጀግንነት አልነበረም። ሥራዬን ማበላሸት አልሆንልህ ብሎኝ ነው።

ፈረሱ ያን ጊዜ ደክሞታል። ልጓሙን ሊያላሉለት ሽማግሌው ጎንበስ ሲሉ ከዝንብ ሊሸሽ ራሱን ወረወረና የጉንጩ አጥንት ግንባራቸውን መታው። ድምፁን ሰማሁት። ነጠላው ከነደረቀው ደም ተላቀቀ። አዲስ ደም ቅንድባቸውን አልፎ ዓይናቸውን ሞላው። አልጮሁም። ፈረሱን እንዳያስደነግጡ ይመስለኛል፤ እጃቸውን ልጓሙ ላይ እንደያዙ ቆሙ።

"አንድ ጠርሙስ ማደንዘዣ ተርፏል" አልኩት አዛዡን። "ክርም አለ። ይፈቀድልኝና የሳቸውንም ልስፋ።"

አዛዡ ጠርሙሱን አየ። ከዚያ ፈገግ አለ። እስከ ዛሬ የማስታውሰው ፊት ያ ነው።

"አንተ የከብት ሐኪም አይደለህም እንዴ? ሰው አላክምም ብለህ የለም?"

ትናንት ጮክ ብዬ የተናገርኩት ቃል በትክክል ደርሶታል። ስልኩን አወጣና ወደኔ ደቀነው።

"ስፋው" አለ። "እኔ እየቀረጽኩ ስፋው። ክር እሰጥሃለሁ፣ መርፌ እሰጥሃለሁ። ማደንዘዣው ግን ለፈረሱ ነው የተፈቀደው።" ጠርሙሱን ከሳህኑ አንሥቶ ኪሱ ከተተው።

ነገሩ ለሁላችንም ግልጽ ነበር። ሽማግሌው በደም በተጨፈነው ዓይናቸው አዩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ተው፣ ልጄ" አሉ። "ይይዙብሃል። ግንባር ነው፣ በራሱ ይድናል።"

"ትናንት ነበር መስፋት የነበረብኝ፣ አባቴ" አልኩ።

"ትናንት አልፏል።"

"ይቀመጡልኝ።"

ከፈረሱ የተረፈው የጨው ውሃ ግማሽ ጄሪካን ይሆናል። እጄን እንደገና ታጠብኩ፤ አፌንም ተጉመጠመጥኩና ተፋሁ። አዲስ ጓንት አጠለቅኩ፣ አዲስ መርፌ አወጣሁ። ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አቀኑ። ሲታጠብ ትናንት ዝንብ የጣለችው ነጭ ነገር ከቁስሉ ጥግ ወጣ፤ ሩዝ የሚመስል፣ ገና ያልተፈለፈለ። አንድ በአንድ ለቀምኩት። ከማንም ይልቅ የተጸየፍኩት እኔው ራሴን ነበር።

"ያማል" አልኳቸው። "ማደንዘዣ የለም።"

"አውቃለሁ። ሰምቻለሁ።"

ስድስት ስፌት ነው። ሰው እንደ ፈረስ ቆዳውን አያርገፈግፍም። በመጀመሪያው የግራ እጃቸው ተነሥቶ አየር ላይ ቆመ፤ ከዚያ የፈረሱን የፊት እግር፣ ከጉልበቱ በታች፣ አገኘና ያዘ። ፈረሱ አልተንቀሳቀሰም። በሦስተኛው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ዳዊት ይደግሙ ነበር መሰለኝ። በአምስተኛው ጠባቂው ፊቱን አዞረ። አዛዡ አላዞረም፤ እንዲያውም "ወደዚህ ዞር በል፣ ጥላህ ጋረደኝ" አለኝ።

ዞርኩለት። ፊቴ በደንብ እንዲታይ ቀና አልኩ። "አሁን ይታያል?" አልኩት።

"ይታያል።"

ስድስተኛውን ቋጠርኩ። ክሩን ቆረጥኩ።

ሽማግሌው ሲነሡ ተንገዳገዱ፤ ክንዳቸውን ልይዝ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። በርኖሳቸውን አራገፉ፣ የተበላሸውን ነጠላ አጣጥፈው ብብታቸው ሥር አደረጉ። ከዚያ ስልኩ እንደተደቀነ፣ አዛዡን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያዩ፣ ወደኔ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዶክተር" አሉ። "እጅህ ይባረክ።"

ፈረሱን ሳይሰናበቱ ወደ መጋዘኑ በር ሄዱ። ጠባቂው ሊገፋቸው እጁን አንሥቶ ነበር፤ ሳይነካቸው አወረደው። ሣጥኔም ተዘጋ። "ማስረጃ" የሚለው ወረቀት ሙጫው ስላለቀ በምራቁ አርሶ ለጠፈው።

ከአራት ቀን በኋላ ሽማግሌውን ከሌሎች ጋር ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው። እኔ ስምንት ወር ቆየሁ። ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አሳይተውኛል፤ በየጊዜው የሚያሳየኝ ሰው ይለያይ ነበር፤ ጥያቄው ግን ያው ነው፤ "ይሄ አንተ አይደለህም?" እኔም በየጊዜው "እኔ ነኝ" እላለሁ። ፍርድ ቤት አልቀረብኩም። አንድ ጠዋት ስሜን ጠርተው ሂድ አሉኝ፤ ወረቀት አልሰጡኝም፤ ሣጥኔንም አልመለሱልኝም።

አሁን ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ፈረስ እሰፋለሁ፣ አህያ እሰፋለሁ። ሰዎች ስለ እስሩ ሲጠይቁኝ ስለ ድብደባ፣ ስለ ርሃብ፣ ስለ ብርዱ የምነግራቸው ይመስላቸዋል። ያ ሁሉ ነበር። ነገር ግን የሚያቅለሸልሸኝ ሌላ ነው። ያ መጋዘን ሰው ሳይመታኝ፣ ሳይጮህብኝ፣ ገና በዘጠኝ ቀን ውስጥ፣ ክንድ በሚያህል ርቀት የተቀመጠ ቁስለኛ አይቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ እንዳዞር አድርጎኝ ነበር። ያን በሌላ ሰው ላላክከው አልችልም።

ባለፈው ዓመት ዘመሮ ገበያ ላይ አንድ ሰው ከኋላዬ "ዶክተር!" አለኝ። ዞር ስል እሳቸው ናቸው። ሦስት በግ ይነዳሉ። ከስተዋል፣ ቀጥ ማለታቸው ግን እንዳለ ነው። ጠባሳው ከቅንድባቸው በላይ ቀጭን መስመር ሆኗል፤ ካልተጠጉት አይታይም። ተቃቅፈን ቆየን።

"ፈረሱስ?" አልኳቸው።

"ይዘውት ሄዱ። ቁስሉ ግን ደርቆ ነበር አሉኝ፤ ያየ ሰው ነገረኝ። ያ የተውክለት ቀዳዳ ሲያፈስ ሰንብቶ በራሱ ገጠመ።"

በጎቹን በእጃቸው ሰበሰቡ። ከዚያ ፈገግ አሉ።

"የኔን ክር ያወጣችልኝ የጤና ኬላዋ ልጅ ናት። ቤቴ እንደገባሁ ሄድኩ። መቀሷን ይዛ ጠጋ ብላ አየችውና፣ 'አባባ፣ ይህን ማነው የሰፋዎት?' አለችኝ። 'ሐኪም' አልኳት። 'የትኛው ሆስፒታል?' አለችኝ። 'ሐኪም ነው' አልኳት። 'የምን ሐኪም?' ብላ ደግማ ጠየቀችኝ፤ ነገረኛ ናት። 'ሐኪም ነው አልኩሽ እኮ፣ ልጄ!' ብዬ ተቆጣኋት።"

በጎቻቸው ወደ ገበያው መሐል መሄድ ጀምረው ነበር። ሊከተሏቸው ዞር አሉ፤ ተመልሰውም ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና ሄዱ።

እኔ ቆሜ ቀረሁ። ሰው እየገፋኝ ያልፋል፣ የጨው ነጋዴው "ዞር በል ከዕቃዬ ላይ" ይለኛል፣ እኔ ግን እሳቸው የሄዱበትን አያለሁ። ያን ቀን ፊቴን ወደ ግድግዳ ማዞሬን ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ ለሚስቴም። ዛሬ ጻፍኩት።